ከፍ ያለችው «ጠ»

«ጉዳዩ፦ ልምምድ እንዲፈቀድልኝ።»
ከዚህ በታች መስመር አንድም አልመጣልኝ።
አራት ዓመት ሙሉ አንቀጽ ስሸመድድ፣
በምስለ ችሎቱ ሰው ስፈታ ሳግድ፣
ለራሴ «እባካችሁ» ማለት ሆነ ከባድ።

የፔዳ መብራት ሄዶ እስኪመለስ
በስልኬ ብርሃን ስጽፍ፣ ስደልዝ፣ ስጀምር እንደ አዲስ፣
ስሜን አሰፈርኩኝ፣ ውጤቴን፣ ስልኬን፣
«የሥራ ልምድ» ሲል አጣሁት መልሴን።
ልምድ ልታገኚ ልምድ አምጪ ይባላል፤
ዋና ሳይችል ደፍሮ ማን ጣና ይገባል?
ጣና ካልገቡስ ዋና ከየት ይመጣል?

አባቴ አንሙት ፍርድ ቤት በር ላይ ነው፤
ከዋርካው ሥር ሲጽፍ ሠላሳ ዓመት አለፈው።
ሁለት ዱካ፣ አንድ ጃንጥላ፣ ካርቦን በፌስታል፣
በጨረታ የገዛው የጽሕፈት መኪና፤ አረንጓዴ ነበረ ይባላል።
አንዱ ወንድሙ ድንበር ገፍቶበት ይመጣል፣
አንዷ የልጅ ቀለብ ተከልክላ፤ ይሰማል፣
መነጽሩን ይጠርጋል፣ «ቀኑን ንገሪኝ» ይላል፣
ከዚያ ይመታል።
ገንዘብ ያጣው «ሲፈረድልኝ» ብሎት ይሄዳል፤
የተፈረደለት ግን በሌላው በር ይወጣል።

የመኪናው «ጠ» ናት በሽተኛ፣ አንገቷ ተጣማ፤
ጓደኞቿ ተቀምጠው እሷ ትታያለች ቆማ።
ጠበቃ፣ ቀጠሮ፣ ጠቅላላ ሐተታ፣
ሁሉም ላይ ትዘላለች፣ ልክ እንደ ዓሣ፣ ማታ።

በዘጠኝ ዓመቴ፣ ክረምት፣ ካርቦን ስደርብለት፣
ጣቴ ሰማያዊ ሆኖ ነበር የምገባ ቤት።
ይህስ ልምድ ነው? ከየትኛው ርእስ ሥር?
ቢጠይቁኝስ ማንን ልጥራ ምስክር?
ተውኩት። ባዶውን ተውኩት።

ቅዳሜ ወስጄ ለአባቴ አሳየሁት።
«ቀን የለውም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ረስቻለሁ።
«ሦስቴ ‹በትሕትና›? አንዷ ትበቃለች፤
ልመና ስትበዛ ጉዳይ ታስረሳለች።»
ቀና ብሎ ደግሞ፣ «እኔ ልምታልሽ?» አለ።
«የሚቀበሉት በኮምፒውተር ነው» አልኩ። ዝም አለ።
ጃንጥላውን ወደ እኔ በኩል አዘነበለ።

ቀን ጻፍኩበት። ሁለቱን «በትሕትና» ሰረዝኩ። ላኩ።

ማክሰኞ ተጠራሁ። ሦስተኛ ፎቅ፤ ጣና መስኮቱን ሞልቶታል፤
አንድ ሻላ ከታንኳ ኋላ የራሱን ጉዳይ ይከታተላል።
አቶ ልየው ደግ ነው፤ ውሃ አስቀዳልኝ፣ ወንበር ሳበልኝ፣
ከዚያ አንድ መዝገብ እየሳቀ አቀበለኝ፦
«የባላጋራችን ክስ ነው። የበር ላይ ጸሐፊ ሥራ።
ስሕተቱን ቁጠሪው፤ ይኸው የእኛ ሙከራ።»

ከሳሹ የዘጌ ሰው ነው፤ ነገሩ የድንበር ነው።
ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ዓይኔን ምን ያዘው?
ቆማለች። ጓደኞቿ ተቀምጠው።

«አንቀጽ አልጠቀሰም» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ሆነ፤
«የዳኝነት ጥያቄው ከሐተታው ጋር ተደባልቋል።
ቀኑ ግን አለ። ወሰኑ በአራቱም ማዕዘን ተነግሯል።
ሰውየው ካለው አንድ ቃል አልወደቀም።»
ቆየሁ። ወደ ጣና አየሁ። ሻላው የለም።
«ይህን መዝገብ ግን እኔ ልነካው አልችልም፤
ጸሐፊው አባቴ ነው።»

ሳቁ ከፊቱ ወርዶ የት እንደገባ እንጃ።
መዝገቡን አጠፈ። «እንደውላለን» አለኝ።
ደረጃ፣ ደረጃ፣ ደረጃ።

ዋርካው ሥር ስደርስ አባቴ ባለጉዳይ ይዟል፤
«እንዴት ነበር?» አላለም፤ ዱካውን በእግሩ ገፋልኝ።
«ጠብቂ አሉሽ?» «አዎ።»
«በይ ጠብቂ፤ ጠበቃም ከዚያው ይወጣል።»
ካርቦን ደረብኩለት። ስልኬን ከመኪናው ጎን አኖርኩ።
በመታ ቁጥር ጠረጴዛው ይነቀነቃል፣
ስልኬ ትንሽ ይዘላል፣
የተደወለ ይመስላል።